የሁለት መቶ አልበሞች ደብተር

ቀን 0

ነገሩ የተጀመረው በእልህ ነው። ሙዚቃ እወዳለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ግን ሰዎች «ይህንንማ ሰምተኸዋል» ብለው ሲያልፉ በዝምታ ራሴን የምነቀንቅላቸው አልበሞች በዙ። ስማቸውን አውቃለሁ። ሽፋናቸውን ቲሸርት ላይ አይቻለሁ። ከዳር እስከ ዳር ሰምቻቸው ግን አላውቅም።

ስለዚህ የሮሊንግ ስቶን መጽሔትን የ500 አልበሞች ዝርዝር ፊቴ አስቀመጥኩ። ከጎኑ ሌሎች ሁለት ሦስት ዝርዝሮች ጨመርኩ። ከሁሉም ለቅሜ 200 አስቀረሁ። እያንዳንዱን ርዕስ በብጣሽ ወረቀት ጽፌ የጫማ ካርቶን ውስጥ ከተትኩት። በደረጃቸው ከላይ ወደ ታች መውረድ አልፈለግኩም። ቁጥር 1 እና ቁጥር 180 የሚባል ነገር አስቀድሞ ካወቅኩ ጆሮዬ ከእኔ በፊት ፍርዱን ይሰጣል። በዕጣ ይሻላል።

ሕግ አወጣሁ። አልበሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሰማል፣ ዘፈን መዝለል የለም። በኋላ የተለጠፉ ተጨማሪ ዘፈኖች አይቆጠሩም። ሰምቼ ሳልጨርስ ስለ አልበሙ ምንም አላነብም። ሲያልቅ ወዲያው ከ10 ነጥብ እሰጣለሁ፤ በእስክሪብቶ። በእርሳስ ከጻፍኩ ማታ ላይ እንደማጠፋው ራሴን አውቀዋለሁ።

ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ ሽፋኖቹ ላይ እንዳሉት።

ቀን 1

መጀመሪያ የወጣው ብጣሽ የማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» (1971)። የዕጣ ነገር ይገርማል፤ መጽሔቱ በ2020 ዝርዝሩን ሲከልስ 1ኛ ያደረገው ይህንኑ ነው። በ2003 ግን 1ኛው የቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐር» ነበር። ባለሙያዎቹም ሐሳባቸውን ይቀይራሉ ማለት ነው። ይህን እዚህ ጽፌ ላስቀምጠው፣ በኋላ ያስፈልገኝ ይሆናል።

35 ደቂቃ ገደማ ነው። በዘፈኖቹ መካከል በር የለም። አንዱ ሳያልቅ ሌላው ገብቶ ይቀመጣል። የት እንዳለሁ ለማወቅ ሁለቴ ስልኬን አየሁ። ገና ሲጀምር አንድ ነገር ግራ አጋባኝ፦ ዘፋኙ ራሱን ይከተላል። አንዱ ማርቪን ይዘፍናል፣ ሌላው ማርቪን ከጎኑ ሆኖ ያንኑ መስመር ትንሽ ለየት አድርጎ ይመልሳል። ሰምቼ ከጨረስኩ በኋላ አነበብኩ። ሁለት ጊዜ ዘፍኖ ከሁለቱ አንዱን ሊመርጥ ነበር። የስቱዲዮው ሰው ሁለቱን በስህተት አንድ ላይ አጫወታቸው። ማርቪን ሰማና ወደደው፣ እንደዚያው ቀረ።

ነጥብ፦ 8። ሁለቱን ለምን እንዳስቀረሁ ብጠየቅ መልስ የለኝም። «ገና በመጀመሪያው ቀን 10 ሰጥቼ ነገ ምን ልሰጥ ነው» ብዬ ይመስለኛል።

ቀን 3

የቢች ቦይስ «ፔት ሳውንድስ» (1966)። ብዙ ሰው የሚሰግድለት አልበም ነው። እኔ ግን ያየሁት ከረሜላ የመሰለ ድምፅ ያላቸው ልጆች ተሰብስበው ሲያዝኑ ነው። ጥሩ ነው፣ ያምራል፣ ግን ጣፋጭነቱ በዛብኝ። መጨረሻ ላይ ውሾች ይጮኻሉ፣ ባቡር ያልፋል። ውሾቹ የብራየን ዊልሰን የራሱ ናቸው።

ነጥብ፦ 6። ይህን ሳይ አንድ ሰው እንደሚቀየመኝ ይሰማኛል። ማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ቀን 4

የጆኒ ሚቸል «ብሉ» (1971)፦ 7። ግጥሙን ለመከታተል ስደክም ዜማው አመለጠኝ። አንዳንዶቹ ዘፈኖች ላይ የሚሰማው ባለ አውታር መሣሪያ ጊታር አይደለም፤ ጭን ላይ ተጋድሞ የሚመታ ደልሲመር የሚባል ነው። ድምፁ ስስ ነው፣ እንደ ቀጭን መስታወት።

ቀን 7

ዛሬ ደከመኝ። የስቲቪ ዎንደር «ሶንግስ ኢን ዘ ኪ ኦቭ ላይፍ» (1976) ወጣ። ሁለት ትልልቅ ሸክላ አልበቃ ብሎት አራት ዘፈን የያዘች ትንሽ ሸክላ ተጨምራበት የተሸጠ አልበም ነው። 21 ዘፈን፣ ከ100 ደቂቃ በላይ። የመጀመሪያው ሸክላ ላይ ቁጭ ብዬ በደስታ እጨፍር ነበር። ሁለተኛው ላይ ሳህን አጠብኩ። ትንሿ ሸክላ ላይ ስደርስ ጆሮዬ ተዘግቶ ነበር፤ ይሰማኛል እንጂ አላዳምጥም።

እንግዲህ ለማን ነው ነጥብ የምሰጠው? ለመጀመሪያው ሰዓት 10 ይገባዋል። ለመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ደግሞ የማውቀው ነገር የለም። 8 ጻፍኩ። ደብተሩ ላይ ከጎኑ «ደክሞኝ ነበር» የሚል ጨመርኩ። ይህን ማስታወሻ የጻፍኩት አልበሙን ለመከላከል ነው።

ቀን 9

ቆጠርኩ። እስካሁን 12 አልበም ሰምቻለሁ። ከእነዚህ ውስጥ 10ሩ 7 ወይም 8 አግኝተዋል።

ይህ ነጥብ አይደለም፣ የእግዜር ሰላምታ ነው። ታላቅ ለሚባል ሁሉ ከወንበሬ ብድግ ብዬ 8 እየሰጠሁ ነው። ስለዚህ ቁጥሮቹን እንደገና ተረጎምኳቸው። 10 ማለት ነገ ማንም ሳያስገድደኝ የምከፍተው። 8 ማለት አንድ ሳምንት ሳይሞላ የሚናፍቀኝ። 6 ማለት «ደህና ነው» ብዬ የማልመለስበት። 4 ማለት ለምን እንደተወደደ ቢገባኝም እኔን ያልነካኝ። 2 ማለት ለመጨረስ ራሴን የለመንኩበት። ጎዶሎዎቹ ቁጥሮች ለማመንታት ናቸው።

የድሮዎቹን ነጥቦች አልነካሁም። በእስክሪብቶ ናቸው።

ቀን 12

2 ለማን እንደምሰጥ ሳስብ ካርቶኑ ሰምቶኝ ይሁን አላውቅም፣ የካፒቴን ቢፍሃርት «ትራውት ማስክ ሬፕሊካ» (1969) ወጣ።

ስለዚህ አልበም በደንብ ልናገር። ሁለት ጊታሮች በተለያየ ምት ይሄዳሉ። ቤዙ በሦስተኛ መንገድ ይሄዳል። ድራሙ ደረጃ ላይ እንደሚንከባለል ባልዲ ነው። በዚህ ላይ አንድ ሻካራ ድምፅ ስለ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ግጥም ይጮኻል። 28 ዘፈን፣ 79 ደቂቃ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ጭንቅላቴን በእጄ ያዝኩ። ሰባተኛው ላይ ሳቅ መጣብኝ። ዐሥራ አንደኛው ላይ እህቴ በሩን ከፍታ «ምን ወደቀ?» አለችኝ።

«ምንም አልወደቀም፣ ሙዚቃ ነው» አልኳት።

ትንሽ ቆማ ሰማች። «ቢወድቅ ይሻል ነበር» ብላ በሩን ዘጋችው።

ነጥብ፦ 2። ለዚያውም ለመጨረስ ራሴን ስለለመንኩ ሳይሆን ራሴን ስላስፈራራሁ ነው።

ቀን 13

ዝምታ። ምንም አልሰማሁም። ቁርጥ ያለ ዕረፍት።

ቀን 17

የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦቭ ብሉ» (1959)። ስለዚህ አልበም ከሙዚቃው ይልቅ ሰላምታው ቀድሞ ደርሶኛል፤ ጃዝ የማይወዱ ሰዎች እንኳ ይህን ይወዳሉ ይባላል። እውነትም ጆሮን አይገፋም። ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም።

የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ቤዙ ይናገራል፣ እነ ማይልስ በሁለት ድምፅ ይመልሱለታል። አቀንቃኝና ተቀባይ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ከዚያ ለረጅም ጊዜ በአንድ ቅኝት ላይ ይቆያሉ። 16 ባር (ባር የምት መቁጠሪያ ነው) በአንዱ፣ 8 ባር ከፍ ብለው፣ 8 ባር ተመልሰው። ያ ነው ሁሉም። ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ከኮርድ እየተፈራረቀ አያሯሩጣቸውም። ለእኛ ጆሮ ይህ እንግዳ አይደለም። አንድ ቅኝት ውስጥ ተቀምጦ እስኪበቃ ድረስ መዞር ምን እንደሆነ እናውቃለን። ጃዝ እዚህ ለመድረስ ብዙ ዞሮ መጣ፣ እኛ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅነው። (ይህ ትንሽ ጉራ ነው። ይለፈኝ።)

ነጥብ፦ 9።

ከዚያ አነበብኩ። መጋቢት 2 ቀን በቀረጹት ክፍል ላይ የቴፕ ማሽኑ ትንሽ ቀስ ብሎ ይዞር ነበር። ስለዚህ በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘፈኖች ከተጫወቱበት በጥቂቱ ከፍ ብለው ይሰማሉ። ይህ የተስተካከለው በ1990ዎቹ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰው ሁሉ 10 የሰጠው በትንሹ ለፈጠነ አልበም ነበር። እኔ የሰማሁት የታረመውን ነው። የቀድሞው 9 ያገኝ ነበር ወይስ 10? ይህ ጥያቄ ለሁለት ቀን አልለቀቀኝም።

ቀን 21

ሼም ነው ግን እጽፈዋለሁ።

የቢትልስ «አቢ ሮድ» (1969)። ሰማሁ። ነጥብ 6 ሰጠሁ። ከጎኑም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ዘፈኖቹ ድንገት ይቆረጣሉ። አንዳንዶቹ ሳይጨርሱ ያልቃሉ። በአራተኛው ላይ የምትመጣው በጣም አጭር ዘፈን ደግሞ በጩኸት ጀምራ በመሐል ትቋረጣለች። የአርትዖት ችግር።»

የአርትዖት ችግር! የ1969ኙን ቢትልስ ላርም ተነሳሁ።

ማታ ላይ ስልኬን ሳየው ሸፍል በርቷል። ዘፈኖቹን አደበላልቆ ነው ያጫወተልኝ። የሁለተኛው ገጽ ዘፈኖች እኮ አንዱ ከአንዱ ተሰፍተው አንድ ረጅም ጉዞ የሚሆኑ ናቸው። እኔ ስፌቱን በጣጥሼ፣ ጨርቁ ተቀደደ ብዬ ከሰስኩ።

በማግስቱ በቅደም ተከተሉ ሰማሁት። ረጅሙ ስፌት ሲያልቅ ለ14 ሰከንድ ያህል ዝም አለ። አለቀ ብዬ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮዬ አወጣሁ። ከዚያ ዷ! ያቺ አጭር ዘፈን መጣች፣ «ኸር ማጀስቲ»። 23 ሰከንድ ናት። በጩኸት ትጀምራለች፣ በመሐል ትቋረጣለች። ልክ እንደከሰስኳት።

የሚያስቀው ደግሞ ይህ ነው። መጀመሪያ ቦታዋ በዚያ ስፌት መሐል ነበር። አልተስማማችምና ቆርጠው አወጧት። የስቱዲዮው ልጅ ግን የተቀረጸ ነገር እንዳይጣል ታዝዞ ስለነበር ከቴፑ መጨረሻ ጥቂት ባዶ ቴፕ አስገብቶ ለጠፋት። ሲያዳምጡት ወደዱትና ተዉት። መጀመሪያ ላይ ያለው ጩኸት ከእሷ በፊት የነበረው ዘፈን የመጨረሻ ምት ነው። የራሷ የመጨረሻ ድምፅ ደግሞ ከተቆረጠችበት ቦታ ቀርቷል። ማለትም በእሷ ላይ የጻፍኩት ልክ ነበር። በሌሎቹ ላይ የጻፍኩት ውሸት ነበር።

6ቱ በእስክሪብቶ ነው። ምን ላድርግ? ከጎኑ መስመር አሰመርኩና ሁለተኛ ዓምድ ከፈትኩ። አዲስ ነጥብ፦ 9።

ቀን 26

ሁለተኛው ዓምድ ሥራውን ቀየረው። ባዶ ቦታ አያስችልም፤ ዓምድ ከተከፈተ መሙላት ይፈልጋል። አዲስ ሕግ፦ ሦስት አዲስ አልበም በሰማሁ ቁጥር አንድ የቀድሞ እደግማለሁ። ሁለተኛውን ነጥብ ስሰጥ የመጀመሪያውን በወረቀት እሸፍነዋለሁ።

በዚህ አካሄድ 200 መቼ እንደሚያልቅ ለመገመት ካልኩሌተር አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።

ቀን 31

የፍሊትውድ ማክ «ሩመርስ» (1977)። 8። በባንዱ ውስጥ ያሉ ጥንዶች እየተለያዩ የሠሩት ነው፤ ይህ ተወርቶ ያለቀ ታሪክ ነው። እኔን የሳበኝ ግን ቴፑ ነው። ድምፅ በድምፅ ላይ ሲጨምሩ ቴፑ ደጋግሞ ከመዞሩ የተነሳ እየተፋቀ ሄዶ የድራሙ ድምፅ ደበዘዘ። ደግነቱ የመጀመሪያው ቀረጻ ቅጂ ነበራቸው። የማሽኑን ፍጥነት በእጅ እያስተካከሉ፣ ሁለቱን በጆሮ እያመሳሰሉ ድራሙን መለሱት። ይህን ካነበብኩ በኋላ የሲምባሉን ድምፅ ብቻ ነው የምሰማው።

ቀን 33

ፕሪንስ፣ «ፐርፕል ሬይን» (1984)። 9። «ዌን ዶቭስ ክራይ» ላይ አንድ ነገር ጎድሏል ጎድሏል እያልኩ ጨረስኩት። ቤዝ የለውም። ለዳንስ የሚሆን ዘፈን ሠርቶ ቤዙን አወጣው! እግርህ መሬት ሳይነካ ነው የምትጨፍረው።

ቀን 34

ፒንክ ፍሎይድ፣ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» (1973)። የልብ ምት፣ ሰዓቶች ባንድ ላይ ሲያቃጭሉ፣ ሳንቲም ሲንኮሻኮሽ። 9፣ ሳላመነታ።

ቀን 38

ዛሬ የሆነውን ቀስ ብዬ ልጻፈው።

የጆን ኮልትሬን «ኤ ላቭ ሱፕሪም»። በታኅሣሥ 1964 በአንድ ቀን ተቀርጾ በ1965 የወጣ ነው። አራት ክፍል አለው፣ 33 ደቂቃ። አራት ሰዎች ብቻ ይጫወታሉ። ሲጀምር ጎንግ ይመታል፣ ሳክስፎኑ ከፍቶ ይገባል። ከዚያ ቤዙ አራት ድምፅ ይይዛል። አራት ብቻ። ያንን ይደጋግማል። ኮልትሬን በኋላ እነዚያን አራት ድምፆች ይወስድና ከቁልፍ ወደ ቁልፍ እያዘዋወረ፣ የሌለ በር እስኪቀር ድረስ ያንኳኳል። ከዚያ ሳክስፎኑን ያወርድና በአፉ ይላቸዋል፣ የአልበሙን ስም፣ እየደጋገመ።

ሦስቱ ክፍሎች አለፉ። አራተኛው ሌላ ነው። ምት የለውም። ፒያኖው እንደ ደመና ከኋላ ይቆማል፣ ሳክስፎኑ በዝግታ ይናገራል። እዚህ ላይ ቆም ብዬ «እንዴት ያለ ረጅም ማጠናቀቂያ ነው» ብዬ ጻፍኩ። 7 ሰጠሁ።

ከዚያ እንደ ልማዴ አነበብኩ። በሽፋኑ ውስጥ ኮልትሬን ራሱ የጻፈው የምስጋና ግጥም አለ። አራተኛው ክፍል ያ ግጥም ነው። ይህ ምሳሌ አይደለም፤ በሳክስፎን ቃል በቃል ያነበዋል።

ግጥሙን ፈልጌ ስልኬ ላይ ከፈትኩ። አራተኛውን ክፍል እንደገና አስጀመርኩ። ጣቴን በመጀመሪያው መስመር ላይ አደረግኩ። መጀመሪያ ጠፋብኝ። እንደገና አስጀመርኩ። በሦስተኛው ሙከራ ያዝኩት። ረጅም ቃል ሲሆን ሳክስፎኑ ይረዝማል። መስመሩ ሲያልቅ ይተነፍሳል። ፈጣሪን የሚያመሰግንበት ሐረግ በተመለሰ ቁጥር ዜማውም ወርዶ ያርፋል። ጣቴ በመስመሮቹ ላይ እየወረደ ነበር። ንባቡን እያዜመ ከሚሄድ ሰው ጎን ቆሜ መጽሐፉን አብሬው የያዝኩ መሰለኝ። ሁለቱም፣ ግጥሙም ዜማውም፣ አንድ ላይ አለቁ።

ለጥቂት ጊዜ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ዓምድ ላይ ምንም አልጻፍኩም። ነጥብ መስጠት ፈርቼ አይደለም። ሰው ሲጸልይ ሰምቶ ከ10 ስንት ይባላል?

በማግስቱ ጠዋት ባዶው ቦታ ላይ ጭረት አደረግኩበት። እስካሁን ብቸኛው ጭረት ነው።

ቀን 44

በአንድ ቀን ሁለት፣ ምክንያቱም ሁለቱም አጭር ናቸው።

የኒክ ድሬክ «ፒንክ ሙን» (1972)፣ 28 ደቂቃ። አንድ ሰው፣ አንድ ጊታር፣ በሁለት ሌሊት የተቀረጸ። በርዕሱ ዘፈን ላይ ጥቂት ፒያኖ ጠብ ይላል፣ ከዚያ ወዲያ የለም። 8።

የፌላ ኩቲ «ዞምቢ» (1976)፣ ሁለት ዘፈን ብቻ። ባንዱ ገብቶ ተቀምጦ፣ ሞቆ፣ ላቡ እስኪወርድ ድረስ ይጫወታል። ፌላ መዝፈን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ደቂቃ ላይ አዝማች የሚፈልግ ጆሮ እዚህ ይቀጣል። ዘፈኑ ትእዛዝ ብቻ የሚጠብቁ ወታደሮችን ያፌዝባቸዋል። በየካቲት 1977 ወታደሮች ግቢውን ወርረው አቃጠሉት። ይህን ካወቅኩ በኋላ ደገምኩት፤ ያው ጭፈራ ነው፣ ግን ጭፈራው ጥርስ አወጣ። 8፣ ከዚያ 9።

ቀን 52

ይህኛው ከዝርዝሩ ሳይሆን እኔ ራሴ ካርቶኑ ውስጥ የጨመርኩት ነው። ሚዛኔ ልክ መሆኑን ለመፈተን በደንብ የማውቀው አልበም አስፈለገኝ። የሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» (1972)፣ ኒውዮርክ ላይ የተቀረጸው።

10 ሰጠሁት። ከዚያ ተጠራጠርኩ። «ኩሉን ማን ኳለሽ» በመሣሪያ ሲመጣ እኔ አልበሙን ነው የምሰማው ወይስ ያንን ዜማ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁበትን ቦታ ሁሉ? ቅኝቱ ገና ሳይጀምር ወዴት እንደሚያርፍ አውቃለሁ። ለ«ፔት ሳውንድስ» ይህን ዕድል አልሰጠሁትም። እሱን የሰማሁት አንዴ ነው፣ ቀን 3 ላይ፣ ለራሴም ፊት ነስቼ። አንዱ ሃያ ዓመት ተሰጥቶት ሌላው 36 ደቂቃ ተሰጥቶት አንድ ሚዛን ላይ አስቀመጥኳቸው።

10ሩን አልሰረዝኩም። ግን ማታውን «ፔት ሳውንድስ»ን ከፈትኩ።

ቀን 53

ቀን 3 ላይ የሰማሁት ስቴሪዮውን መሆኑን ዛሬ ነው ያወቅኩት። ብራየን ዊልሰን በቀኝ ጆሮው በደንብ አይሰማም ነበር። በ1966 አልበሙን ያቀናበረው በሞኖ ነው፤ ሁሉም ድምፅ በአንድ ቦታ፣ አንዱ በሌላው ላይ። ስቴሪዮው የተሠራው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው።

ሞኖውን ሰማሁ። መሣሪያዎቹ አይለያዩም። ይህ የብስክሌት ደወል ነው፣ ይህ ቀንደ መለከት ነው ብዬ ልለቅም ብል እምቢ አሉኝ፤ ተዋሕደው ስሙ የማይታወቅ አንድ መሣሪያ ሆኑ። ጣፋጭ ያልኩት ድምፅም በዚህ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ሲሰማ ጣፋጭ አይደለም። 23 ዓመቱ ነበር። ፈርቷል። ከረሜላ የመሰለኝ ነገር ፍርሃት ነው።

6 የነበረው፣ አሁን 9።

ቀን 57

የማይ ብላዲ ቫለንታይን «ላቭለስ» (1991)። 5። ጊታሩ ፀሐይ ላይ እንደተረሳ ካሴት ይወዛወዛል። ድምፆቹ ከግድግዳ ማዶ ናቸው። መመለስ አለብኝ፣ ግን ዛሬ አይደለም።

ቀን 60

ቃል ቃል ነው። «ትራውት ማስክ ሬፕሊካ»፣ ሁለተኛ ዙር። እህቴ ከቤት መውጣቷን አረጋገጥኩ።

ከዚያ በፊት ግን ስለ አልበሙ አነበብኩ። ካፒቴኑ ፒያኖ አይችልም፣ ግን ብዙውን ያቀናበረው በፒያኖ ነው። እየመታ ድራም ተጫዋቹ ይጽፍለታል። ባንዱ ለወራት አንድ ቤት ውስጥ ተዘግቶ አጠናው። ስቱዲዮ ሲገቡ የአብዛኞቹን ዘፈኖች መሣሪያ በስድስት ሰዓት ገደማ ቀርጸው ጨረሱ። ማለት እኔ «የወደቀ ባልዲ» ያልኩት እያንዳንዱ ድምፅ የተጠና ነው። ነገ እንደገና ተጫወቱት ቢባሉ እንደዚያው አድርገው ይጫወቱታል።

እንደዚያ ብዬ ሳዳምጥ አንድ ዘዴ አገኘሁ። ሁሉንም መስማት ትቼ አንዱን ጊታር ብቻ ያዝኩ። እሱ ብቻውን ሲሰማ ዜማ አለው። ከዚያ ለቅቄ ሌላውን ያዝኩ። እሱም አለው። ገበያ መሐል ቆመህ የአንድ ሰው ወሬ ላይ ጆሮህን ስትጥል እንደሚሰማው ነው። ሁሉም ቁም ነገር እያወራ ነው፣ እርስ በርስ ግን አይደማመጡም።

2 የነበረው፣ አሁን 5። ወደድኩት አልልም። አፍሬበታለሁ፣ ይህ ሌላ ነገር ነው።

ቀን 63

ደብተሩን ዘርግቼ አየሁት። 48 አልበም አንዴ ሰምቻለሁ፤ 15ቱን ደግሜያቸዋለሁ። ሦስተኛ ዓምድ ጨመርኩ፣ «ልዩነት» የሚል። ከነጥቦቹ ይልቅ ይህ ዓምድ ያወራል።

ከፍ ካሉት ውስጥ አብዛኞቹ መጀመሪያ ደክሞኝ ወይም ተናድጄ የሰማኋቸው ናቸው። የስቲቪ ዎንደሩን በሦስት ቀን ከፋፍዬ ደገምኩት፤ 8 የነበረው 10 ሆነ። ሳህን እያጠብኩ ያለፍኩት ክፍል ውስጥ የአልበሙ ልብ ነበር። «ብሉ» 7 ነበር፣ 9 ሆነ፤ ግጥሙን አስቀድሜ አንብቤ ስለገባሁ ዜማውን ለመስማት ጊዜ አገኘሁ። ማርቪን ጌይ 10።

የወረደው አንድ ነው። «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን»፣ ከ9 ወደ 7። መጀመሪያ ቀን ነጥቡን የሰጠሁት ለድንገቱ ነበር፤ ለሰዓቶቹ፣ ለሳንቲሞቹ። ሁለተኛ ቀን መምጣታቸውን አውቃለሁ፣ እጠብቃቸዋለሁ፣ መጡ፣ አለፉ። ያልቀነሰው ያለ ቃል የሚጮኸው የክሌር ቶሪ ድምፅ ነው። እሱ በሁለተኛውም ቀን አስደነገጠኝ።

«ሩመርስ» ልዩነቱ ዜሮ። 8 ነበር፣ 8 ነው። እንደዚህ ያለ ጓደኛም ያስፈልጋል።

ያስከፋኝ የመጀመሪያው ዓምድ ነው። ከላይ እስከ ታች ሳነበው ስለ አልበሞቹ የሚናገረው ጥቂት ነው። መቼ እንደደከመኝ፣ መቼ እንደኮራሁ፣ መቼ ሸፍል እንደበራ ግን አንድ በአንድ ይናገራል።

ቀን 66

የኒርቫና «ኔቨርማይንድ» (1991)። እህቴ አሮጌ ሲዲ አላት፣ እሱን ሰጠችኝ። «በስልክ አትስማው» አለችኝ። ለምን ስላት ትከሻዋን ነቀነቀች።

ሰማሁ። የመጨረሻው ዘፈን በለሆሳስ አለቀ። ጥሩ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ድራሙ ደረት ይመታል። የመጀመሪያው ዓምድ ላይ 8 ልጽፍ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። ግን አልቸኮልኩም፤ ዝምታው ደስ ስላለኝ ማዳመጫውን ሳላወልቅ ስለ ነጥቡ ማሰብ ጀመርኩ። 8 ወይስ 7? ማሽኑ አሁንም እየቆጠረ ነው፣ አላስተዋልኩትም። ዐሥር ደቂቃ ያህል እንደዚያ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ 8 ለመጻፍ እጄን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ።

ያኔ ከዝምታው ውስጥ ጊታሮቹ ተነሱ። ከዘፈኑ በኋላ የተደበቀ ሌላ ዘፈን አለ፣ ያውም የሚያጓራ። ዘልዬ ተነሳሁ። እህቴ በሩ ላይ ቆማ በሳቅ ፈርሳለች። ስትጠብቅ ነበር።

ደብተሩ ላይ፣ በመጀመሪያው ዓምድ፣ ከ8ቱ የላይኛው ክብ የሚጀምር መስመር አለ። ሁለተኛውን ዓምድ አቋርጦ፣ «ልዩነት»ን አቋርጦ፣ ከገጹ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይጨርሳል።